በወንፈል የተጨረሰ ትምህርት

ታናሽ እኅቴ የተማረችበትን ፕሮግራም ከሠሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህን ከፊት የማስቀምጠው ኋላ ማን ምን አደረገ ሲባል ከሰው ጀርባ እንዳልቆም ነው። ከሰው ጀርባ መቆም ይቀናኛል። የሌላ ሰው ስህተት ሲሆን ግን ምላሴ አያርፍም፤ ይህን ከእኅቴ በላይ የሚያውቅ የለም።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው፤ ተማሪ በሞላበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ተጋፍቼ ፒያሳ እደርሳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ናት፤ አራት ሠራተኛ፣ አንድ አለቃ፣ መብራት ሲጠፋ ከአለቃችን በላይ የሚጮህ ጄኔሬተር። ሥራችን በገጠር ላሉ የጤና ሠራተኞች በታብሌት የሚሰጥ ትምህርት ማዘጋጀት ነው። ሌሎቹ ትምህርቱን ይጽፋሉ፣ ሥዕሉን ይስላሉ፣ ድምፁን ይቀርጻሉ። የእኔ ድርሻ ማንም አይቶ የማያመሰግነው ነው፤ እያንዳንዷ ተማሪ የት እንደደረሰች ማስታወስ።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንዲት ተማሪ ሦስተኛው ትምህርት ላይ፣ ገጽ አሥራ ሁለት ስትደርስ ባትሪዋ ቢያልቅ፣ በማግስቱ ስትከፍተው ከገጽ አሥራ ሁለት መቀጠል አለባት። የመለሰችው ጥያቄ፣ የተሳሳተችው፣ በየገጹ የቆየችበት ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅልሎ በስሟ ይቀመጣል። እኛ «ስቴት» እንለዋለን፤ የተማሪዋ ሁኔታ ማለት ነው። ታብሌቱና እኛ ዘንድ ያለው ሰርቨር የሚነጋገሩበት መስኮት ደግሞ ኤፒአይ ይባላል። በዚያ መስኮት የሚባለው ነገር ጥቂት ነው፤ ይህን አስቀምጥልኝ፣ ያስቀመጥከውን አምጣልኝ፣ ይህን ሰርዝልኝ። መስኮቱን የሠራሁት፣ ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

እኅቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በደባርቅ መንገድ ካለችው ከኮሶዬ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጤና ኬላ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አብራት የነበረችው ባልደረባዋ አግብታ አይከል ከተማ ከገባች ወዲህ ብቻዋን ናት። ይህን ትምህርት ከጨረሰች ደረጃዋ ከፍ ይልላታል፣ ደረጃዋ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ ጎንደር መዛወር ትችላለች። «ጉሙ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ አድሯል» ትለኝ ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተካፍላ ለመኖር አልጋ የምታስቀምጥበትን ጥግ ሳይቀር መርጣለች። እኔም ያንን ጥግ ባዶ ትቼው ነበር።

ቀበሌዋ ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ ትምህርቱ ታብሌቱ ላይ ተጭኖ ይሰጣል፤ ተማሪዋ ካለ ኔትወርክ ትማራለች፤ ኔትወርክ ወዳለበት ስትወጣ የደረሰችበት በመስኮቱ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። እኅቴና በዙሪያዋ ያሉ አራት የሌላ ቀበሌ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሶዬ ይወጡና ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት ቁጭ ብለው፣ ሶኬቱን ተራ በተራ እየተካፈሉ፣ ታብሌታቸውን ያገናኛሉ። ለዚህ ነው ቅዳሜ ከሰዓት ምንም ሥራ ባይኖረኝም ላፕቶፔን የምከፍተው። የእኅቴ ስም ብቅ ሲል ደኅና መሆኗን አውቃለሁ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን ብዙ ለቅሶ ነበር። ኔትወርኩ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ሰርቨሩ ላይ ያለው የቆየ ሁኔታ ታብሌቱ ላይ ያለውን አዲስ ሁኔታ ይደመስሰዋል። የሦስት ሳምንት ትምህርት የጠፋባት አንዲት ሴት ደውላ በስልክ ስታለቅስ ሰማሁ። እኔም ግማሽ ቀን ተቀምጬ አንድ ደንብ ጻፍኩ፤ ሁለት ሁኔታዎች ሲጋጩ የበለጠ የተራመደው ይጽና። በዚህ ደንብ ማንም ወደኋላ አይመለስም። ለቅሶው በሳምንቱ ቆመ። አለቃችን በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፤ እኔም እንደ ተመረቀ ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው ነገሩን ያየሁት። አንድ የሚዘገይ ገጽ ፈልጌ መዝገቡን ሳገላብጥ አራተኛው ትምህርት ላይ ዓይኔ ቆመ። አራተኛው ትምህርት ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ነው። ኮሶዬ የሚወጡት አምስቱም ሴቶች በአንድ ቅዳሜ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ እየጀመረች፣ ጨርሰውታል። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አምስቱም መጀመሪያ «ሐ» ብለው ተሳስተዋል፣ ከዚያ ወደ «ለ» ቀይረዋል። አምስቱም ሥዕሎቹን ሳያዩ አልፈዋል። አምስት ሰው እንዲህ አይመሳሰልም። የአንድ ሰው እጅ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ትምህርት ተመለስኩ፤ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ እጅ ነበር። ሥዕል ላይ ይቆያል፣ ጥያቄ ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ገጽ ወደኋላ ይሄዳል። ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ልጆች ሆነን ከአንድ መጽሐፍ ስናነብ እኅቴ ወደፊት ከመግለጧ በፊት አንዴ ወደኋላ መግለጥ አለባት፤ እኔ ቸኩዬ እጇን እመታት ነበር። አምስቱም ታብሌት ላይ ያለችው እሷ ነበረች። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ እኅቴ አራተኛውን ትምህርት ሳታየው እንደጨረሰች ገባኝ።

ቅዳሜ ደወልኩላት። ከጀርባዋ የሰሃን ድምፅና የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል።

«ምነው እታለም፣ ወንፈል እኮ ነው» አለችኝ፣ ሳትደነግጥ። «ለያንዳንዳችን ሸጋ አድርገን የምናውቀው ደረሰን። እኔ የልጆቹን ምግብ ለአምስታችንም ሠራሁት። ከመካከላችን ትልቋ ደግሞ ሆስፒታል ሠርታ ስለመጣች የደሙን ሠራችልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«ይሄ አጨዳ አይደለም» አልኳት።

«ስለ አጨዳማ አንች ምን ታውቂና» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ።

አልዋሸችኝም፣ ለመደበቅም አልሞከረችም። ይህን ነገር እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ሰው የሞላበት ምግብ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቲቱ ሽሮ እያቀረበችላቸው፣ በግልጽ የሠሩት ነው። በዚያ አገር ሰው ብቻውን ሲያጭድ ቢውል ጎረቤቱ ያፍራል። ዛሬ ሁሉም በእኔ ማሳ፣ ነገ ሁሉም ባንቺ ማሳ። በወንፈል የታጨደ እህል የባለማሳው ነው፤ ይህን ነዶ ማን አጨደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔም መስኮት እንደዚሁ ነው፤ «ተጠናቋል» የሚል ሲመጣለት በባለቤቲቱ ስም ያስቀምጣል እንጂ በማን እጅ ብሎ አይጠይቅም።

«አራተኛውን አንቺ ራስሽ አይተሽዋል?»

«ክረምቱ ይለፍ፣ አየዋለሁ። ደም የሚበዛባት እስካሁን አልገጠመችኝም፤ እሱ ይጠብቀን። አሁን ያለችኝ ነፍሰ ጡር አንዲት ናት የደረሰች፤ ሦስተኛ ልጇ ነው። እሷንም ወሯ ሲገባ አስፋልት ድረስ አውጥተን በማኪና ወደ ጎንደር እንልካታለን።»

«ዛሬውኑ እዪው።»

«ተጨርሶ የለም ወይ? ምን እንዲለኝ ነው?» አለችኝ። እኔ በየሳምንቱ ስቆጣ የሰማችው ቁጣ ስለሆነ ከሌላው አልለየችውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን የጨረሱትን ዝርዝር ወሩ ሳያልቅ ትምህርቱን ላዘዘው ጤና መምሪያ እንደሚልክ ነገረን። «የኮሶዬዎቹን ተመልከቱ» አለ። «ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ፣ ከሁሉ ቀድመው ጨረሱ። እነዚህን ለሌሎቹ ምሳሌ እናደርጋቸዋለን።» አፌን ከፈትኩ። ብናገር አምስቱም ይሰረዛሉ፤ የእኅቴ ዝውውር ይቀራል፤ ምናልባትም ሥራዋ። ዝም ብል ደግሞ ዝርዝሩ ላይ እንደሚያውቁ የተጻፈላቸው፣ ነገር ግን የማያውቁ ሴቶች ተራራ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ፈራሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁና የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቋል መሰለኝ አልኩ።

ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ለማንም ሳልናገር በእኅቴ ስም ያለውን የአራተኛ ትምህርት ሁኔታ ሰረዝኩት። መስመሩ «አልተጀመረም» ወደሚለው ተመለሰ። ቅዳሜ ታብሌቷን ስታገናኝ ትምህርቱ እንደ አዲስ ይከፈትባታል፣ ትበሳጫለች፣ ግን ትማረዋለች። የሌሎቹን አራት ቀስ ብዬ አስብበታለሁ አልኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የማስበው ስለ እናቶቹ አልነበረም፤ ስለ እኅቴና ስለ ራሴ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ከፍቼ ጠበቅሁ። የእኅቴ ታብሌት መጣ። ሰርቨሩ «አልተጀመረም» አለ፣ ታብሌቱ «ተጠናቋል» አለ። ሁለቱ ተጋጩ፣ የረሳሁት የገዛ ደንቤም ፈረደ፤ የበለጠ የተራመደው ጸና። ዓይኔ እያየ መስመሩ ወደ «ተጠናቋል» ተመለሰ።

ሰኞ እንደገና ሰረዝኩ፤ ቅዳሜ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ደንቡን ካልቀየርኩ በቀር የሚሆን አይደለም፤ ደንቡን ለመቀየር ደግሞ ሁሉንም ተማሪ የሚነካ ስለሆነ አለቃዬን ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ እሱም ለምን ማለቱ አይቀርም። በገዛ እጄ ያቆምኩት ዘበኛ እኔኑ በር ላይ አቆመኝ። በዚያው ሳምንት ዝርዝሩ ተላከ። የእኅቴ ስም ከላይ ሦስተኛ ላይ ነበር።

ሥራ ሳይኖረኝ አራተኛውን ትምህርት እኔው ማንበብ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ፣ ጥያቄዎቹን መለስኩ። ማህፀኑ እስኪጠነክር ሆዷን ማሸት። ኪኒኑን መስጠት። ማሸናት፤ ፊኛዋ የሞላ እናት ማህፀኗ አይኮማተርም። ሕፃኑን ጡት ማስያዝ። በሳምንት ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አወረድኩት። ከአምስቱ ሴቶች አራቱ የማያውቁትን ትምህርት፣ ደም ሳይ የሚያዞረኝ እኔ ማራኪ ቁጭ ብዬ አውቄው ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። የአገሩ ነገር እንደሚታወቀው ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሲከፈት ይከፈታል፤ ማንም ቀኑን አይነግርህም። ከደባርቅ መስመር የሚመጣው ድንች ከገበያ ጠፋ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ቅዳሜ መጣ፤ የእኅቴ ስም አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። ስደውል የምትመልስልኝ ያቺው «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» የምትለዋ የተቀዳች ሴት ናት።

በየጠዋቱ ቢሮ እንደደረስኩ ከሁሉ በፊት የማየው አንድ መስመር ነበር፤ የእኅቴ ስም፣ አራተኛ ትምህርት፣ ተጠናቋል። ከጎኑ መጨረሻ የተቀመጠበት ቀን አለ። ቀኑ ንቅንቅ አይልም። ያቺ የደረሰች ያለችኝን ሴት መልኳን አላውቀው፣ ስሟን አልጠየቅሁ፤ ነገር ግን ወሯን መቁጠር ጀመርኩ። መንገድ ከተዘጋ ማኪና የለም። ማኪና ከሌለ ጎንደር አትሄድም። ጎንደር ካልሄደች የምትወልደው ከእኅቴ ዘንድ ነው። ይህን ሂሳብ ምሳ እየበላሁም፣ ፀጉሬን እየተሠራሁም አወራርደው ነበር፤ አንድም ቀን ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

አንድ ሐሙስ ኔትወርኩ መጣ ተባለ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሬ ቢሮ ተቀመጥኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የአራቱ ስም ብቅ ብቅ አለ፣ መጨረሻ ላይ የእኅቴ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ያመጣችውን ሁኔታ ከፈትኩት።

አራተኛው ትምህርት ተከፍቷል። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ረፋድ ላይ። ተከፍቷል፣ ወዲያው ተዘግቷል። ደግሞ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ። በየመክፈቻው መካከል ያለው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን ምንም የለም።

ለምን ወዲያው እንደሚዘጋ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅም የለም። ታብሌቶቹ ርካሽ ናቸው፤ ስድስቱን ትምህርት ከነቪዲዮው አይችሉም። ስለዚህ አንድ ትምህርት ተጠናቆ ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ሲል ታብሌቱ ያንን ትምህርት ከላዩ ያነሳዋል፤ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ድጋሚ ማየት የፈለገች ኔትወርክ ባለበት መልሳ ታወርደዋለች። ኔትወርክ በሌለበት የከፈተችው ግን አንዲት አረንጓዴ ገጽ ብቻ ታያለች፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይህን ትምህርት አጠናቀሻል» የምትል። ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስጽፈው ትምህርቱን የጨረሰች ሴት ታውቀዋለች ብዬ ነበር።

ስልኳን በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው። ምግብ ቤቱ ውስጥ አልነበረችም፤ የነፋስ ድምፅ ይሰማል።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ እታለም። ያቺ ሴት ግን አረፈች።»

በአጭሩ ነገረችኝ። ጠዋት ነው ያመጧት። ልጁ ያለ ችግር ተወለደ፤ ወንድ ነው። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። «ሆዷን አሸሁ። ኪኒኑንም ሰጠኋት። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ትልቋ ሠርታው የለ፣ ታብሌቱ ላይ አየዋለሁ ብዬ ከፈትኩት። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ደግሜ ከፈትኩት።»

ቀጥሎ የሚመጣውን እኔ አውቀው ነበር። ከንፈሬ ላይ ነበር። ሴትዮዋን ማሸናት ነበር የቀረው፤ ያ ቢደረግ ትድን ነበር ማለት አልችልም፤ አትድንም ማለትም አልችልም። አልነገርኳትም።

በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ እንዳወጧት፣ መንገዱ ላይ አንድም ማኪና እንዳልነበረ፣ ወደ ኮሶዬ እየተሸከሟት ሳለ እንዳረፈች ነገረችኝ። አሁን ሕፃኑ ከአክስቱ ጋር ነው። «በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ» አለችኝ። «አባቷ ሽማግሌ ናቸው። አያ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ምነው ልጄ፣ አንች የቻልሽውን አድርገሻል፣ ቀኗ ነው አሉኝ። ከእርሳቸው አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።»

 የዝውውሯ ደብዳቤ ከሦስት ቀን በፊት ወጥቶ፣ መንገዱ ስለተዘጋ በእኔ በኩል ይድረሳት ተብሎ እኔ እጅ ገብቶ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከፊቴ ተቀምጧል። ላነሳው አልቻልኩም።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አንች የነገሩ ባለቤት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ያ ትምህርት ታብሌቱ ላይ የለም። ደንግጬ ሁሉን ስነካካ እኔ አጥፍቼው ይሆን?»

ጥያቄዋ ቀጥተኛ ነበር። መልሱም አንዲት ቃል ነበረች። ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም፣ የሚሰማኝ ከእሷ በቀር ሰው የለም። እውነቱን ብነግራት ደንቡን እነግራታለሁ፤ ደንቡን ብነግራት ሦስት ጊዜ መሰረዜን፣ መሰረዜን ብነግራት ከሁለት ወር በፊት ማወቄን።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለችኝና፣ ሌሎቹ እየጠበቋት ስለሆነ ስልኩን ዘጋች።